ሰፈሩን ቆርጦ የሚጥል ፎቶ ቤት፦ ጅማ ላይ የቆየ ፎቶና ካሴት ስለማስገልበጥ

ሕርማታ መርካቶ አጠገብ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ደጅ ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። በግራ ያለው ጥቁርና ነጭ ነው። አምስት ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ በቁምጣ ባርጩማ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው የእንጨት በረንዳ፣ ዝገት የጀመረው ቆርቆሮ፣ ሸራ ላይ የተሰጣ ቡና፣ ጥግ ላይ ደግሞ ግማሽ ፊቷ ብቻ የገባ አንዲት ሴት ይታያሉ። በቀኝ ያለው «የታደሰው» ነው። ልጁ ቀለም ወጥቶለታል፣ ጉንጩ እንደ ሳሙና ተለስልሷል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ጠፍቶ ሰማያዊ ሆኗል። ቡናውም የለም፣ ሴትዮዋም የለችም። ቤቱ የሚኮራበት ሥራ ይኸኛው ነው፤ የእኔም ትልቁ ቅሬታ እዚሁ ላይ ነው።

«አትሂዱበት» ማለቴ ግን አይደለም። ኔጋቲቭና ካሴት ላይ ጥሩ ይሠራሉ፣ ዕቃ አያያዛቸው ንጹሕ ነው፣ መሣሪያቸውም ይበቃል። ችግሩ ደንበኛው ዝም ካለ ቤቱ የሚያውቀው ማሳመር እንጂ መገልበጥ አለመሆኑ ነው። «ይህችን አድሱልኝ» ማለትና «ይህችን እንዳለች ገልብጡልኝ፣ ምንም አትንኩባት» ማለት ሁለት የተለያየ ሥራ ማዘዝ ነው። ሁለተኛውን ይበሉ። ማሳመር ካማረዎት በኋላ ከቅጂው ላይ ይሠራል፤ የጠፋ በረንዳ ግን ከታደሰው ፎቶ ተመልሶ አይወጣም።

ከሰውዬው ኋላ ያለው ነገር ለምን ይህን ያህል ያሳስባል ለሚል፣ እንግሊዝ አገር ያደገ ሽማግሌ የልጅነት መንደሩን ማየት ቢያምረው ፖስትካርድ ይበቃዋል። ፍራንሲስ ፍሪዝ የሚባለው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ የብሪታንያን ከተማና መንደር ሁሉ አንድ በአንድ ለማንሳት ተነሣ፤ እሱ በ1898 ከሞተ በኋላም ድርጅቱ እስከ 1971 ድረስ ሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ እዚያ አገር ዋናው መንገድ፣ የሱቁ በር፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ራሱን ችሎ ተነሥቶ ተቀምጧል። እኛ ጋ ፎቶ የሚነሣው ሰው ነው፤ ለልደት፣ ለጥምቀት፣ ለኢድ፣ ወይም ውጭ ላለ ዘመድ ለመላክ። ፈረንጅ አራዳ ሰፈርም ሆነ የአዌቱ ወንዝ ዳር ፎቶው ውስጥ የገባው ሳይጠራ፣ ከልጁ ጀርባ ቆሞ ነው። ያንን ጀርባ በሰማያዊ መቀባት ለሰፈሩ የቀረውን አንድ ማስረጃ መጣል ነው።

ወደ መሣሪያው። ቤቱ ሁለት ስካነር አለው። ባንኮኒው ላይ ያለው ስሱ ካነን ላይድ ነው፤ ለመታወቂያና ለሰርተፍኬት ምንም አይልም። ለቆየ ፎቶ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ይህ ዓይነቱ ስካነር ጥርት አድርጎ የሚያየው መስታወቱን የነካውን ብቻ ነው። የቆየ ፎቶ ይጠቀለላል፤ መሀሉ ከመስታወቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብድግ ካለ እዚያው ይደበዝዛል። ጓዳ ያለው ወፍራሙ ኤፕሰን ቪ600 ይህ ችግር ያንሰዋል፣ ክዳኑ ውስጥም መብራት ስላለው ኔጋቲቭ ያነባል። ወረፋ ሲበዛ ልጆቹ ሁሉንም ባንኮኒው ላይ ባለው ያስኬዱታል። «በጓዳው አድርጉልኝ» ማለት አያሳፍርም።

የጥራቱን ቁጥርም ራስዎ ይንገሯቸው፣ ካልነገሯቸው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) ላይ ነው የሚያነሡት። 300 ፎቶውን በዚያው መጠን መልሶ ለማተም ይበቃል፤ ጥግ ላይ ያለችውን ሴት አጉልቶ ለማየት ግን አይበቃም። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ሲነሣ ወደ 2360 በ3540 ፒክስል ይወጣዋል፤ ጥራት ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ፣ ከተቀመጠ አንዱ ፎቶ 25 ሜጋባይት ገደማ ነው። መቶ ፎቶ ማለት 2.5 ጊጋባይት ስለሆነ 8 ጊጋ ፍላሽ ይዘው ቢሄዱ ይተርፍዎታል። ለጉርድ ፎቶ 1200 ይበሉ፤ 3 በ4 የሆነችው ትንሿ ጉርድ ያኔ ወደ 1400 በ1900 ፒክስል ትሰጣለች። ከዚያ በላይ ማስነሣት የወረቀቱን ሸካራነት ማጉላት ነው እንጂ ፊት አይጨምርም።

ነጩን ጠርዝ እንዳይቆርጡ፣ የወረቀቱን ጀርባም እንዲያነሡ ያሳስቡ። የወረቀቱ ጀርባ ነገር ቤቱ ፈጽሞ የማያስበው ነው። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ «ለማስታወሻ» ከሚለው ሥር ያለው ቀን፣ «ከፋ ክፍለ ሀገር፣ ጅማ» የሚለው አድራሻ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ነው። ለጀርባው 300 ይበቃል፤ ግማሽ ዋጋ እንዲያደርጉት መከራከርም ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

አሁን ሥራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች። የመጀመሪያው ላሚኔት ነው። ድሮ ፎቶ እንዳይበላሽ ተብሎ በሙቀት ፕላስቲክ የተለበጠ ፎቶ በየቤቱ አለ። ፕላስቲኩን ለመላጥ አይሞክሩ፣ የፎቶው ፊት ተላጦ አብሮት ይወጣል። እንደተለበጠ ስካን ይደረግ፤ የስካነሩ መብራት በአንግል ስለሚመታ የፕላስቲኩ ነጸብራቅ በስልክ ካሜራ ከሚመጣው በጣም ያንሳል። ሁለተኛው ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ነው። ጅማ ዝናቧ ብዙ፣ አየሯ እርጥብ ስለሆነ ግድግዳ ላይ የከረመ ፎቶ መስታወቱን መያዙ የተለመደ ነው። ይህንንም ከነመስታወቱ በኤፕሰኑ ማንሣት ይቻላል። በዚህ ቤት ግን አንዱ ሠራተኛ በቢላዋ ጫፍ ለመፈልቀቅ ይሞክራል፤ ቢላዋ ሲያነሣ ካዩ ፎቶዎን ይቀበሉ።

ሦስተኛው ሻጋታ ነው፣ ለጅማ ሰው ዋናው ይኼ ነው። የፎቶ ፊት ጄላቲን ነው፤ ሻጋታ ጄላቲን ይበላል፣ የተበላው ጄላቲን ደግሞ ውኃ ሲነካው ይሟሟል። በእርጥብ ጨርቅ የሚጠርግ ሰው ምስሉን ነው የሚጠርገው። መጀመሪያ ፎቶው ደረቅ ቦታ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆይ፣ ሻጋታው ደርቆ ዱቄት ሲሆን ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ። ፀሐይ ላይ ማስጣት አይገባም፤ ፎቶ ቡና አይደለም። ቤቱ በዚህ በኩል ጠንቃቃ ነው፣ ሻጋታ ያለበትን ለብቻ ተቀብሎ ለብቻ ያነሣል፣ መስታወቱንም ይወለውላል። ሲመለሱ ማስቀመጫው ውስጥ ከአዲስ ጫማ ሳጥን የሚወጣውን የእርጥበት መጣጭ ከረጢት ይጨምሩ፤ ሳጥኑን ግን መሬት ላይም ከውጭ ግድግዳ ተጠግቶም አያስቀምጡት።

ሙጫ ገጽ ያለው አልበም ውስጥ የደረቀ ፎቶ ካለ ሙሉ አልበሙን ይዘው ይሂዱ። ቤት ውስጥ ለማውጣት ከተፈለገ ቀጭን የስፌት ክር ከፎቶው ሥር አስገብቶ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እያሉ መሳብ ነው። እንቢ ካለ ይተዉት፣ ገጹ እንዳለ ይነሣል።

በአንድ ዘመን የታጠበ ባለቀለም ፎቶ ሁሉ ወደ ቀይ የሄደበት ምክንያት ፎቶው ውስጥ ካሉት ሦስት ቀለሞች ሰማያዊ አረንጓዴው፣ አልበም ውስጥ ተዘግቶም ቢሆን፣ ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። ይህን ስካን ላይ ማስተካከል ማሳመር አይባልም፣ ቤቱም ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል። ያልተስተካከለውን ግን አብረው ይጠይቁ።

ኔጋቲቭ ካለዎት ፎቶውን ትተው ኔጋቲቩን ይውሰዱ። የታጠበው ወረቀት ላይ አጣቢው ጠርዙን ቆርጦታል፣ ጥላውንም አጥቁሮታል፤ ኔጋቲቩ ላይ ሰፈሩ ሰፋ ብሎ አለ። ቪ600 መያዣው ላይ ባለ ስድስት ፍሬ ሁለት ቁራጭ ማለትም 12 ፍሬ በአንዴ ይቀበላል፤ 3200 ዲፒአይ ላይ አንዱ ፍሬ ወደ 3000 በ4500 ፒክስል ይሆናል። እዚህ ላይ ቤቱ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይሠራል፦ ዲጂታል አይስ የሚባለውን አቧራ ማጥፊያ ለሁሉም ይከፍታል። መሣሪያው አቧራን የሚለየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ባለቀለም ፊልም ብርሃኑን ስለሚያሳልፍ ያምርበታል፤ የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል ግን ብር ስለሆነ ብርሃኑን ያግዳል፣ ማሽኑም ምስሉን ራሱን እንደ አቧራ ቆጥሮ ይቦጫጭቀዋል። የልጁ ዓይን አካባቢ የተቀባ የሚመስል ነገር ካዩ ምክንያቱ ይኼ ነው። «ለጥቁርና ነጩ አይሱን አጥፉት» ይበሉ፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ኔጋቲቩን ከመሀል አይንኩ፤ ጠርዙን ብቻ ይዘው በወረቀት ኪስ ያስገቡ።

ካሴት ላይ ቤቱ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያመጣው ዘፈን ሳይሆን የድምፅ ደብዳቤ ነው፤ ውጭ ላለ ዘመድ ቤተሰቡ ተራ በተራ እየተናገረ የቀዳው፣ መጨረሻ ላይ ሕፃናቱ ተገፋፍተው «ደህና ነን» የሚሉበት። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ክሩ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ችግር የለበትም፤ ባለ 90 ይሳሳል፣ ባለ 120 ክሩ በጣም ስስ ስለሆነ ማሽን ይበላዋል። ሲሰጡ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይንገሩ። ከመስጠትዎ በፊት ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ፣ ያኔ ማንም በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። በመስኮቷ ሲታይ የክሩ ጥቅል ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፣ አያጫውቱት።

ባለሙያው የቴፑን ጭንቅላት በየካሴቱ መሀል በንጹሕ አልኮል ይጠርጋል። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይጠቀምም፤ ልክ ነው፣ ጄሉ ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ክሩ ላይ ይቀራል። ድምፁ የታፈነ ከሆነ በቀጭን ካቻቪቴ የጭንቅላቱን ማዘንበያ ብሎን እያዞረ ድምፁ ጥርት የሚልበትን ቦታ ይፈልጋል። ክሩን ከጀርባ የምትገፋው የስፖንጅ ቁራጭ ከወደቀች ጥቅሉን ወደ ሌላ ቀፎ ያዛውረዋል፤ አምስት ብሎን ያለው ቀፎ ይፈታል፣ በሙጫ የተገጠመው ግን መሰበር አለበት። ቤቱ ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው የሚሠራው።

ካሴት የሚገለበጠው በሚሰማበት ፍጥነት ነው፤ አንድ ሰዓት ያለው አንድ ሰዓት ይፈጃል። «በአሥር ደቂቃ እንጨርሳለን» የሚል ካጋጠመዎት በፈጣን መቅጃ ሊሠራ ነው፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ድምፁን በማይጨፈልቀው የፋይል ዓይነት፣ በዋቭ፣ ያስደርጉት፣ አንዱ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ነው። ለስልክ ኤምፒ3 ከዚያው ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ሴቭ ያልተደረገ ቅጂ አብሮ ስለሚሄድ አንደኛው ገጽ እንዳለቀ ሴቭ እንዲያደርጉ ይጠይቁ። የቪዲዮ ካሴትም (ቪኤችኤስ) ይቀበላሉ፣ እኔ ግን አልመክርም፤ በርካሽ የዩኤስቢ መቅጃ ስለሆነ ድምፁ ቀስ በቀስ ከምስሉ ይዘገያል።

ፋይሉን ሲቀበሉ ስሙን ይመልከቱ። ቤቱ ስካን የተደረገበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ያ ቀን ለማንም አይጠቅምም። ከጀርባው ያለው 1975 ዓ.ም. ከሆነ «1975 ዓ.ም.» ብለው ያስጽፉ፤ ዓ.ም. የሚለው ከቀረ የልጅ ልጅዎ ሰባት ስምንት ዓመት ያሳስተዋል። የሰፈሩን ስም ድሮ እንደሚጠራውም አሁን እንደሚጠራውም ያስገቡ። ወረቀቱ ላይ መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ ጀርባው ላይ ነው፤ እስክሪብቶ ፊቱ ላይ ያብጣል፣ ቀለሙም ከላዩ ለተደረበው ፎቶ ይተላለፋል። በቴሌግራም የሚላክልዎ ከሆነ «እንደ ፋይል» ይበሉ፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ያስነሡት 600 ሁሉ ተጨፍልቆ ይደርሳል።

ዋጋ እዚህ መጻፍ ትርፉ መሳሳት ነው፣ በየጊዜው ይቀየራል። አከፋፈሉ ግን ፎቶ በፍሬ፣ ኔጋቲቭ በቁራጭ፣ ካሴት በሰዓት ነው፤ ከሃምሳ ፍሬ በላይ ሲሆን ይቀንሳሉ። ደረሰኙ ላይ ብዛቱን በቁጥር ያስጽፉ፣ ዕቃውን አንድ ላይ ደባልቀው በፌስታል ነው የሚመልሱት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከመሄድ ጥቅምትን መጠበቅ ይሻላል፤ ክረምት ላይ ጓዳው ራሱ ይረጥባል፣ ወረፋውም የተማሪ ጉርድ ፎቶ ነው።