ለአሮጌ መኪናዬ የኋላ መስታወት ማሞቂያ የገጠሙልኝን ባለሙያ ላመስግን

ይህን የምጽፈው ሙያቸውን ለሚያከብሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚገባቸውን ምስጋና ለማድረስ፣ እግረ መንገዴንም ያረጀ መኪና ለሚነዱ ሁሉ እሳቸውን ለመጠቆም ነው።

መኪናዬ ከፋብሪካ ስትወጣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ አልተደረገላትም። በቀዝቃዛ ጠዋት፣ ወይም ዝናብ ላይ ሰው ሞልቶ ተሳፍሮ ሲተነፍስ፣ የኋላው መስታወት ወዲያው በጤዛ ይሸፈናል። የፊተኛውን ከማሞቂያው የሚነፍሰው አየር ያደርቀዋል፤ ኋላ ግን የሚደርስ ነፋስ የለም። በጨርቅ ቢወለውሉትም ብርጭቆው ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ እርጥበቱ ተመልሶ ይቋጠርበታል። ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ወደ ኋላ እየነዱ ምንም አለማየት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

እኚህ ባለሙያ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት መለኪያቸውን አወጡ። ሞተሩን አስነስተው የፊት መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና የማሞቂያውን ማራገቢያ በአንድ ላይ ካበሩ በኋላ በባትሪው ጫፎች ላይ ያለውን ቮልት አነበቡ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው በትዕግሥት አስረዱኝ። የኋላ መስታወት ማሞቂያ እንደ ስፋቱ ከ10 እስከ 20 አምፔር ይስባል። የአሮጌ መኪና ዲናሞ (ከሞተሩ ጋር እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል) ደግሞ፣ በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ይህን ተጨማሪ ጭነት ላይሸከም ይችላል። ሁሉም በርቶ ቮልቱ ከ13 በላይ እንደያዘ ካዩ በኋላ ነው «ትችለዋለች» ያሉኝ። ሳይለኩ የማይናገሩ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው።

የሚያተርፋቸውን ብቻ መርጠው አልነገሩኝም። ከፋብሪካ ማሞቂያ ያለው መስታወት መስመሮቹ ብር ባለበት ቅባት በውስጥ በኩል ታትመው ከብርጭቆው ጋር በእሳት የተጋገሩ በመሆናቸው ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ ለመኪናዋ ሞዴል እንዲህ ያለ መስታወት ከተገኘ እሱን መቀየር እንደሚሻል በግልጽ ነገሩኝ። ስላልተገኘ ነው በብርጭቆው ላይ ወደሚለጠፉት ቀጫጭን የማሞቂያ መስመሮች የሄድነው።

አለጣጠፉን ቆሜ ተመለከትሁ። መጀመሪያ የድሮ ሙጫ ቅሪቱን አንድ በአንድ አስለቀቁ፤ ከዚያ መስታወቱን በአልኮል ወለወሉና እስኪደርቅ ጠበቁ። በውጭ በኩል በማስመሪያና በሚጠፋ ቀለም እንደ ደብተር ገጽ አሰመሩት። ከውስጥ ሆነው እያንዳንዱን መስመር በዚያ ላይ እያስተካከሉ፣ አየር እንዳይቀር በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እየተጫኑ ለጠፉት። አንዱ መስመር ጫፉ ላይ በትንሹ ዘመም ሲል አንስተው እንደገና አስተካከሉት። እኔ ባላየውም ነበር።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ለማይታየው ሥራ ነው። ከዚያ በፊት የጠየቅሁት ሌላ ቦታ፣ «ከኋላ መብራቱ ገመድ ላይ ቀጥለን እንስበዋለን» ብለውኝ ነበር። የኋላ መብራት ገመድ ለጥቂት አምፔር የተሠራ ቀጭን ነው፤ ይህን ሁሉ ቢጭኑበት ይግላል፣ መሸፈኛው ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። እኚህ ሰው ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ከባትሪው ጀምረው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የራሱ ገመድ ዘረጉ። ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አደረጉት፤ ገመዱ መንገድ ላይ ተልጦ ቢነካካ እንኳ ፊውዙ ቀድሞ እንዲቆርጠው ነው። ዋናው ኃይል በሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን በሚከፍትና በሚዘጋ ማብሪያ፣ ያልፋል፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ማብሪያ ሪሌዩን ብቻ ስለሚያዝ አይግልም። ቁልፉ ካልተከፈተ አይሠራም፤ ቢረሳም ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ራሱ ይጠፋል። ማሳውን፣ ማለትም ከመኪናው ብረት አካል ጋር የሚገናኘውን የኤሌክትሪክ መመለሻ፣ ሲያስሩ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀው፣ ካጠበቁ በኋላ ዝገት እንዳይዘው ቅባት ቀቡት። የኋላው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ገመዱ እንዳይቆረጥም በጎማ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው ትርፍ ርዝመት ተውለት።

የገመዱ ውፍረት ለምን እንዲህ እንዳሳሰባቸው ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሙቀቱ የሚወርደው ከቮልቱ በባሰ ፍጥነት ነው፤ 12 ቮልት መድረስ ሲገባው በቀጭን ገመድ ምክንያት 10 ብቻ ቢደርስ፣ ሙቀቱ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ ሰው «ማሞቂያው ደካማ ነው» የሚለው ገመዱ ደካማ ሆኖ ሳለ ነው።

ሲጨርሱ የመለኪያውን አንዱን ጫፍ ማሳ ላይ አስይዘው፣ ሌላውን መስመሩን እንዳይቧጭር በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ። መስመሩን ተከትዬ ሳንቀሳቅሰው ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ፤ መሃል ላይ ስደርስ ግማሽ ሆነ። በድንገት የሚዘል ከሆነ መስመሩ እዚያ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ቁራጭ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የብር ቀለም መጠገን እንደሚቻልም አሳዩኝ። ይህን ለደንበኛ የሚያስተምር ባለሙያ ስንት ጊዜ ይገኛል?

አሁን ጤዛ ሲይዝ ማብሪያውን እጫናለሁ፤ በየመስመሩ ዙሪያ ቀጭን የጠራ ጎዳና ይከፈታል፣ ይሰፋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል፣ ከኋላዬ ያለው መኪና ታርጋው ሳይቀር ይነበበኛል። የተሳፈሩት ሁሉ ዞር ብለው ያያሉ።

መምህሬም ሆኑኝና ከልቤ አመሰግናለሁ፤ እጃቸው ይባረክ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጻፍሁትም፤ በግል ለሚጠይቀኝ ግን በፈቃዳቸው እሰጣለሁ። ወደ እሳቸው የምትሄዱ የመኪናችሁን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ይዛችሁ ሂዱ፤ አስቀድመው የፋብሪካ መስታወት የሚያፈላልጉት በዚያ ነው። ቀጠሮውንም ለደረቅ ቀን ያዙና ሙሉ ቀን ስጧቸው፤ ሙጫው ሳይይዝ መኪናውን አይለቁም።