የኢግልስ የ1976ቱ ስብስብ፦ ምን ይዟል? የትኛውንስ ቅጂ እንግዛ?

ካንትሪ ሮክን በአንድ አልበም ልወቀው ለሚል ሰው ከኢግልስ «ዜር ግሬተስት ሂትስ (1971–1975)» የተሻለ መነሻ የለም። አልበሙ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1976 በአሳይለም ሬከርድስ ወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 10 ዘፈኖች አሉት፤ ርዝመቱ 43 ደቂቃ ያህል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» እዚህ ውስጥ የለም። እሱ የወጣው ከዚህ ስብስብ አሥር ወር ገደማ ቆይቶ፣ በዲሴምበር 1976 ነው። ያንን ዘፈን ፈልጋችሁ ከሆነ በዚያው ስም የተሰየመውን አልበም ግዙ።

ባንዱ በ1971 በሎስ አንጀለስ ሲመሠረት አባላቱ ጀማሪዎች አልነበሩም። ግሌን ፍራይና ዶን ሄንሊ የራሳቸውን ባንድ ለማቋቋም የወሰኑት ድምፃዊቷን ሊንዳ ሮንስታድትን ሲያጅቡ ነበር። በርኒ ሌደን ከፍላይንግ ቡሪቶ ብራዘርስ፣ ራንዲ ማይዝነር ደግሞ ከፖኮ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ባንዶች ካንትሪን ከሮክ ጋር በማዋሃድ ፈር የቀደዱ ናቸው። ኬኒ ሮጀርስን ለሚወድ የእኛ አገር አድማጭ ደግሞ ደስ የሚል ዝምድና አለ፦ ሄንሊ ከኢግልስ በፊት የነበረበት ሻይሎ የተባለው ባንድ በ1970 ያወጣውን አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው ራሱ ኬኒ ሮጀርስ ነው።

ከአሥሩ ዘፈኖች አምስቱን በመሪነት የሚዘፍነው ፍራይ ነው፤ አራቱን ሄንሊ፣ አንዱን («ቴክ ኢት ቱ ዘ ሊሚት») ማይዝነር ይመሩታል። ሌደን አንዱንም አይመራም። ይሁን እንጂ የአልበሙን የካንትሪ ጠረን በብዛት ያመጣው እሱ ነው። «ቴክ ኢት ኢዚ»ን ስትሰሙ ዘፈኑ ከገፋ በኋላ ከጊታሮቹ ጀርባ የሚገባውን ፈጣን ባንጆ ተከተሉ፤ ዘፈኑ ሳይፈጥን የሚፈጥን የሚመስለው በዚያ ባንጆ ነው። «ፒስፉል ኢዚ ፊሊንግ» ላይ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ድምፅ ተስቦ ወደ ላይ የሚታጠፍባቸው ቦታዎች አሉ። ይህ በጣት ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ሌደን ሁለተኛዋን ክር (ቢ) የሚስብ መሣሪያ የተገጠመለት ቴሌካስተር የተባለ የኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወት ነበር፤ ጊታሩን ወደ ታች ሲጫን ማንገቻው ክሯን በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ያደርጋታል። «ላየን አይስ» ላይ ያለው ማንዶሊንም፣ «ቤስት ኦፍ ማይ ላቭ» ላይ በስተኋላ የሚያለቅሰው ፔዳል ስቲል የተባለው ጊታርም የእሱ ናቸው። ባንዱ ሲነሳ ስሙ እምብዛም አይጠራም፤ ይህ አግባብ አይደለም።

ሁለተኛው የአልበሙ ምሰሶ ኅብረ ድምፁ ነው። ዜማውን መሪው ይይዛል፤ ከላይ የማይዝነር ቀጭን ድምፅ ይቀመጣል፤ መካከሉን ሌሎቹ ይሞሉታል። እነዚህን ዘፈኖች በቡድን የሚለማመዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ኖታው ላይ አይደለም። ሁሉም እኩል ይጮኻሉ፤ የቃሉንም መጨረሻ በየራሳቸው ሰዓት ይዘጋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በ«ስ» ወይም በ«ት» የሚያልቅ ቃል ሲመጣ ድምፁን መሪው ብቻ ይዝጋው፤ አጃቢዎቹ አናባቢው ላይ ይቁሙ። ለጊታር ጀማሪ «ቴክ ኢት ኢዚ» ተስማሚ ነው፤ ጂ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤ ማይነርና ኢ ማይነርን የቻለ ይጫወተዋል። «ቴክ ኢት ቱ ዘ ሊሚት» ግን ባለ ሦስት ምት ዋልትዝ ስለሆነ በአራት ምት የለመደ ከበሮ መቺ መጀመሪያ ላይ ይደናቀፋል።

ስብስቡን አንድ ወጥ ያላደረገው ፕሮዲውሰሮቹ ሁለት መሆናቸው ነው። ስድስቱን ዘፈኖች የሠራው እንግሊዛዊው ግሊን ጆንስ ነው፤ «ላየን አይስ»፣ «ኦልረዲ ጎን»፣ «ዋን ኦፍ ዚዝ ናይትስ» እና «ቴክ ኢት ቱ ዘ ሊሚት»ን ደግሞ ቢል ሺምቺክ። ጆንስ ከበሮን በጥቂት ማይክሮፎኖች በመቅረጽ የታወቀ ነው፤ በእሱ ሥራዎች ከበሮው ራቅ ብሎ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል፤ አኩስቲክ ጊታርና ድምፅ ፊት ይቀመጣሉ። ፍራይ ጠንከር ያለ ሮክ ይፈልግ ስለነበር «ኦን ዘ ቦርደር» (1974) ሲቀረጽ መሃል ላይ ከጆንስ ጋር ተለያዩ። ሺምቺክ መጣ፤ በዚያው አልበም ዶን ፌልደርም ተቀላቀለና የኤሌክትሪክ ጊታሩ ጉልበት ጨመረ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ላየን አይስ» እና «ኦልረዲ ጎን» አልቀው «ዴስፔራዶ» ሲጀምር የድምፁ መልክ በአንድ ጊዜ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማጫወቻችሁ ተበላሽቶ አይደለም።

«ዴስፔራዶ» በነጠላ ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ ባንዱ ከሚታወቅባቸው ዘፈኖች አንዱ ሆኖ መቅረቱ ለዚህ ስብስብ ትልቅ ምስክር ነው። የቫዮሊኖቹን ቅንብር የሠራው ጂም ኤድ ኖርማን በሻይሎ የሄንሊ ባልደረባ ነበር። እንከኑንም መናገር ይገባል፦ ይህ ዘፈንና «ተኪላ ሰንራይዝ» የተነቀሉበት የ1973ቱ አልበም በጥንት የምዕራብ አሜሪካ ሽፍቶች ታሪክ ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ ሥራ ነው። እዚህ ያ ትስስር ጠፍቷል።

ሸክላ ለሚገዙ። የመጀመሪያው የአሜሪካ እትም ቁጥሩ 7ኢ-1052 ነው፤ በኋላ የታተመው 6ኢ-105 ይላል። ሽፋኑ ላይ ያለውን የንስር ራስ ቅል የሠራው የቴክሳሱ ሠዓሊ ቦይድ ኤልደር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሽፋኖች ሰማያዊው መደብ ሲዳሰስ ይጎረብጣል፣ በኋለኞቹ ልስልስ ነው። አልበሙ በብዙ ሚሊዮን ስለታተመ ብርቅ ነው ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭን አትስሙ። ችግሩ ንጹሕ ቅጂ ማግኘቱ ላይ ነው። እነዚህ ሸክላዎች በየግብዣው፣ ብዙዎቹም ከባድ መርፌ ባላቸው ርካሽ ማጫወቻዎች ሲፈጩ የኖሩ ናቸው።

ሸክላውን መብራት ሥር አዘንብላችሁ ተመልከቱ። ጥፍር የማይዘው ቀጭን ጭረት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም፤ ጥፍር የሚይዘው ግን በየ1.8 ሴኮንዱ ጠቅ ይላል፤ ሸክላው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ሲዞር አንድ ዙር የሚፈጀው ያን ያህል ነውና። መሃል ቀዳዳው ዙሪያ ወረቀቱ በጣም ከተጫጫረ ብዙ ተጫውቷል ማለት ነው። ከተቻለ ከመክፈላችሁ በፊት የየገጹን የመጨረሻ ዘፈን አስከፍቱ። መርፌው ዳር ላይ በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መሃል ሲደርስ ወደ 21 ይወርዳል፤ ስለዚህ ድምፁ በተጨናነቀ ቦታ ይጻፋል፣ ሲያልቅም መጀመሪያ የሚበላሸው እዚያ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ያሉት ደግሞ ጸጥ ያሉት «ዴስፔራዶ» እና «ቤስት ኦፍ ማይ ላቭ» ናቸው። የሄንሊ «ስ» ከተንጫጫ መስመሩ ተበልቷል፤ በማጠብ አይመለስም። ብናኝና የጣት ቅባት ብቻ ከሆነ ለስላሳ ብሩሽና የተጣራ ውሃ ይበቃዋል።

የመርፌውን ክብደት አምራቹ ባለው ልክ አድርጉት፤ ለብዙዎቹ የተለመዱ መርፌዎች ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። ሸክላው እንዳይጎዳ ብለው የሚያቀሉት አሉ፤ ሲቀል መርፌው መስመሩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል፣ ጉዳቱ ይብሳል።

በስልክ የምትሰሙ ከሆነ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። «ዋን ኦፍ ዚዝ ናይትስ» የሚከፈተው በማይዝነር ቤዝ ነው፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ያንን መክፈቻ ይበላዋል። የዘፈኖቹን ተራ የሚያደባልቀውን (ሻፍል) አጥፉት፤ ቅደም ተከተሉ ታስቦበት የተሠራ ነው።

ስለ ዝናው። ፕላቲነም የተባለው ማዕረግ በአሜሪካ በ1976 ሲጀመር የመጀመሪያውን ያገኘው ይህ አልበም ነው። በ2018 የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር 38 ጊዜ ፕላቲነም ብሎ መዝግቦት የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» አልፏል። ይህ ግን 38 ሚሊዮን ሸክላና ሲዲ ተሸጠ ማለት አይደለም፤ በዛሬው ቆጠራ በኢንተርኔት 1,500 ጊዜ መደመጥ እንደ አንድ አልበም ይያዛል። ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚከብደው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የድምፅ መዝገብ ውስጥ ያስቀመጠው መሆኑ ነው። ፍራይ በ2016፣ ማይዝነር በ2023 አርፈዋል፤ ከ2017 ጀምሮ የፍራይን ቦታ ልጁ ዲከንና የካንትሪው ቪንስ ጊል ይዘውት ባንዱ መድረክ ላይ ቀጥሏል።

ሙሉውን ዘመን በአንድ ጊዜ የሚፈልግ የ2003ቱን የ33 ዘፈኖች ስብስብ ይውሰድ፤ «ሆቴል ካሊፎርኒያ»ም እዚያ አለ። የሌደን ባንጆና የታጠፈው ጊታር የማረካችሁ ግን ቀጥሎ የ1972ቱን የመጀመሪያ አልበም ግዙ፤ የፌልደር ጊታር ከሆነ የ1975ቱን። በ1975ቱ ሌደን ለመጨረሻ ጊዜ ይሰማል፤ አልበሙ በወጣበት ዓመት መጨረሻ ባንዱን ለቆ ቦታውን ለጆ ዋልሽ ተወ።