ፍሉክ 87ቪ መልቲሜትር፦ ከወራት የሳይት ሥራ በኋላ

ሥራዬ የኤክስካቫተር፣ የሎደርና የግሬደር ኤሌክትሪክ ነው። ይህን መልቲሜትር (ቮልት፣ ኦምና የመሳሰለውን የሚለካ መሣሪያ) ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ውድ ዕቃ ነው፤ መርካቶ ከሚሸጠው ተራ ቴስተር ጋር ዋጋው አይገናኝም። ስለዚህ “ያዋጣል ወይ?” የሚለኝ የሙያ ባልደረባ ብዙ ነው። ለእኔ አዋጥቶኛል። 5 ቮልት መኖር አለመኖሩን ርካሹም ቴስተር ይነግራችኋል። የእኛን ሥራ የሚያከብደው ታይቶ የሚጠፋው ብልሽት ነው፤ 87ቪ ዋጋውን የሚመልሰው እዚያ ላይ ነው።

አብዛኛው የግፊት ሴንሰር ሦስት ሽቦ አለው፦ ከኮንትሮለሩ (ከማሽኑ ኮምፒውተር) የሚመጣ 5 ቮልት፣ ግራውንድና ሲግናል። ጤነኛ ሲግናል በተለምዶ በ0.5 እና በ4.5 ቮልት መካከል ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሲወጣ ሞኒተሩ ኮድ ያመጣል። ከኮዱ ጋር የሚመጣው ኤፍኤምአይ የብልሽቱን ዓይነት የሚናገር ቁጥር ነው፦ 3 ቮልቴጁ ከልክ በላይ ወጥቷል ነው፤ 4 ከልክ በታች ወርዷል፤ 5 መስመሩ ሳይቋረጥ አይቀርም። ልብ በሉ፣ ኮዱ የሚናገረው ስለ ሰርኪዩቱ ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል አላለም። እኛ ጋ ግን የሴንሰሩ ስም ገና ሲነበብ አዲስ ይታዘዛል። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ማሽኑ ይቆማል፣ ኦፕሬተሩ ይቀመጣል። አዲሱ ተገጥሞም ኮዱ እዚያው ነው። ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል።

አንድ ኤክስካቫተር ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ቡሙ (ትልቁ ክንድ) ሲነሳ ኃይል ይቀንሳል፤ የፓምፕ ግፊት ሴንሰር ኮድ ይመጣና ይጠፋል። ሴንሰሩ ቀድሞ ተቀይሯል። ማሽኑ ቆሞ ሲለካ ሁሉም ደህና ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን አበራሁ። ሲግናሉን ከኮኔክተሩ ጀርባ በቀጭን ፒን ያዝኩና መሣሪያውን ሚን ማክስ ላይ አደረግሁት። በዚህ ጊዜ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ንባብ ይመዘግባል፤ አዲስ ዝቅታ ወይም ከፍታ ባገኘ ቁጥር ይጮሃል። ስክሪኑ ላይ ማፍጠጥ ቀረ። እጄ ሀርነሱ (የሽቦዎቹ እስር) ላይ፣ ጆሮዬ ድምፁ ላይ ሆነ። ከፓምፑ ጀምሬ ሽቦውን ቀስ እያልኩ እያንቀሳቀስኩ ሄድኩ። የፍሬሙ ጠርዝ ላይ ያለው ክላምፕ (የሽቦው ማሰሪያ) ጋ ስደርስ መሣሪያው ጮኸ። ዝቅተኛው ንባብ ወደ ዜሮ ወርዷል። ናስትሮውን ስፈታው የሽቦው ሽፋን ተልጦ መዳቡ ብረቱን ይነካ ነበር። ሽቦው ተጠገነ፣ ክላምፑ ተቀየረ፣ ኮዱም አልተመለሰም።

የ5 ቮልት መስመርም እንዲሁ ይፈተሻል። አንድ መስመር ብዙ ሴንሰሮችን ስለሚመግብ አንዱ ሾርት ሲያደርግ የሌሎቹም ኮድ ተከታትሎ ይመጣል። ለምሳሌ በኮማትሱ ሞኒተር ላይ ሲኤ352 የሴንሰር መመገቢያ ቮልቴጅ ወርዷል ማለት ነው። ቮልቱን እያያችሁ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ሴንሰሮች አንድ በአንድ ንቀሉ። የትኛው ሲነቀል ቮልቱ ወደ 5 ተመለሰ? ጥፋቱ እዚያ ነው። ሁሉም ተነቅለው ካልተመለሰ ሽቦውን፣ በመጨረሻ ኮንትሮለሩን ጠርጥሩ።

ሌላው የወደድኩለት የዲዩቲ ሳይክል ንባቡ ነው፤ ሲግናሉ ስንት ፐርሰንት ጊዜ በርቶ እንደሚቆይ ያሳያል። በካተርፒላር ማሽኖች ላይ የሚገኙ አንዳንድ የፖዚሽን ሴንሰሮች የሚልኩት በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ሲግናል ነው፤ የብዙዎቹ ፍሪኩዌንሲ 500 ኸርዝ አካባቢ ነው። በተራ ቮልት ስትለኩት አማካዩን ብቻ ታያላችሁ፣ ያ ደግሞ ያሳስታል። እዚህ ግን ፐርሰንቱ ሊቨሩን ተከትሎ ሳይዘል ሲወጣና ሲወርድ በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደሚጎድለው። የመሣሪያው የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሜጋኦም ነው። ለሴንሰር ሲግናል ይሄ ጥሩ ነው፤ መስመሩን አይረብሽም። ለኃይል ሽቦ ግን ምንም ያህል ኩረንት ስለማይስብ ያታልላል። በዝገት ተበልቶ አንድ ክር የቀረው ሽቦም ላይ ሙሉ 24 ቮልት ያሳያችኋል። አንዳንድ መልቲሜትሮች ለዚህ የሚሆን ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ (ዝቅ ያለ የውስጥ ሬዚስታንስ) ያለው የመለኪያ ምርጫ አላቸው፤ 87ቪ የለውም። እኔ የ24 ቮልት 21 ዋት አምፖል ይዤ እዞራለሁ። ወደ ኮንትሮለሩ የሚሄደውን ሽቦ ነቅዬ አምፖሉን አበራበታለሁ፣ ቮልቱን ያኔ እለካለሁ። በ5 ቮልት መስመርና በሲግናል ሽቦ ላይ ግን አምፖል በፍጹም እንዳትሞክሩ፤ ኮንትሮለሩን ልትጎዱ ትችላላችሁ።

ኮድም አያነብም። ኮንትሮለሮቹ እርስ በርስ በሚነጋገሩበት በካን መስመር የሚያልፈውን መልእክት አያሳይም። በጄ1939 (የከባድ ማሽኖች የካን ዓይነት) መስመር ላይ የሚጠቅመው ባትሪው ተቋርጦ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ኦም ለመለካት ነው። 60 ኦም አካባቢ ከሆነ ሁለቱም የ120 ኦም ሬዚስተሮች አሉ። 120 ካሳየ አንዱ የለም ወይም መንገድ ላይ ተቋርጧል።

የሥራ ሙቀት ጣሪያው 55 ዲግሪ ነው። ይበቃል ትሉ ይሆናል። አፋር ቆላ ላይ ተዘግቶ ፀሐይ የዋለ ካቢን ግን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል፤ እዚያ ጥላችሁት አትሂዱ። የኤምፒር ፊውዞቹም ባለ 1000 ቮልት ልዩ ፊውዞች ናቸው፣ እንደ መኪና ፊውዝ በየሱቁ አይገኙም። ትርፍ አብራችሁ ግዙ። ሲቃጠል በሽቦ ወይም በፎይል ማገናኘት እጅን ለአደጋ መስጠት ነው።

የቤት መብራት ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ሁሉ ወጪ አያስፈልጋችሁም። ማሽን ላይ ከሆናችሁ ግን ከገዛችሁ አይቀር ከኮኔክተሩ ጀርባ የሚገባ ቀጭን የባክ ፕሮብ ፒንም ጨምሩበት። ተራው የመለኪያ ጫፍ ለትንንሽ የዶይች ኮኔክተር ፒኖች ወፍራም ነው፤ ፒኑ የሚገባባትን ሴቴዋን ያሰፋትና ራሱ አዲስ ብልሽት ይፈጥራል። ሽቦውንም በመርፌ አትውጉት። ማሽኑ ላቫጆ ሲገባ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ይገባና መዳቡን ከውስጥ ይበላዋል።