ዲኤስኤልአር ወይስ ካምኮርደር? መጀመሪያ «ይደገም» ማለት መቻላችሁን እዩ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ነበርኩ። ጊዜው ወደ ማታ ነው። ተማሪዎቹ ቀኑን ሲቆጥሩ የዋሉትን ቅኔ ለመምህራቸው የሚነግሩበት ሰዓት። አጭር ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ ነበር። በእጄ ያለው ካኖን 600ዲ ነው፤ ዲኤስኤልአር ከሚባሉት፣ ሌንሳቸው ከሚቀያየረውና ቪዲዮም ከሚቀርጹት የፎቶ ካሜራዎች አንዱ፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥሜበታለሁ። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ያለው የጭቃ ግድግዳ ብዥ ብሏል፤ ፊታቸው ብቻ ጥርት ብሎ ይታያል። ጺማቸው ጫፍ ላይ ያረፈችው የማታ ጀምበር እንኳ አልቀረችም። እንዲያ ያለ ምስል ቀርጬ አላውቅም።

ሁለት ሦስት ተማሪዎች ከነገሩ በኋላ የኔታ ራሳቸው ቅኔ ዘረፉ። ተማሪው ሁሉ «ይበል!» አለ። ደስ ብሎኝ ስክሪኑን አየሁ። ቀይዋ ነጥብ የለችም። ካሜራው 12 ደቂቃ ሲሞላው በራሱ ቆሟል።

«የኔታ፣ ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ቅኔ ይደገማል እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» የሚለኝን ሰው መልሼ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የምትቀርጸው ነገር ይደገማል ወይ? ፊልማችሁ ድርሰት ከሆነ፣ ተዋናዮቹ እናንተን የሚጠብቁ ከሆነ፣ ዲኤስኤልአር ግዙ። ዘጋቢ ፊልም፣ በዓል፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ቃለ መጠይቅ ከሆነ ካምኮርደር፣ ማለትም ለቪዲዮ ተብሎ የተሠራውን ካሜራ፣ ግዙ። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን ገንዘብ ያስከፍላል፤ ስለዚህ ልግባበት።

የ12 ደቂቃው ነገር ብልሽት አይደለም። እነዚያ የቆዩ ካኖኖች አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲደርስ መቅረጽ ያቆማሉ፤ በሙሉ ኤችዲ ጥራት ይህ 12 ደቂቃ ያህል ነው። ከእነሱ በኋላ የመጡት ፋይሉን ራሳቸው እየከፈሉ ይቀጥላሉ። ያም ሆኖ ብዙዎቹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ይቆማሉ። ምክንያቱ የአውሮፓ ቀረጥ ነው። 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ መቅረጽ የሚችል ዕቃ እዚያ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ተጨማሪ ይቀረጥ ስለነበር፣ ፋብሪካዎቹ አንዲት ሰከንድ አስቀርተው ሸጡት። ካምኮርደር ይህ ገደብ የለበትም። ሁለት ሜሞሪ የሚወስድ ከሆነ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ይሻገራል። ትልቅ ባትሪ ከገጠማችሁለት ለሰዓታት ይሄዳል። 600ዲ ግን አንዱ ባትሪው ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም። መብራት በሚጠፋበት ገጠር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ዲኤስኤልአር ይህ ሁሉ ጣጣ ካለበት ለምን ፊልም ሠሪው ሁሉ ወደደው? በምስሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒኮን ዲ90 ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ሆኖ ወጣ። በዚያው ዓመት ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ሙሉ ኤችዲ ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ያንን የሲኒማ መልክ ለማግኘት እጅግ ውድ ካሜራ ያስፈልግ ነበር። ምስጢሩ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። የ600ዲ ሴንሰር ወርዱ 22.3 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ካምኮርደሮች የሚይዙት የኢንች ሲሶ የሚባለው ሴንሰር ግን 4.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በስፋት ስታሰሉት ወደ 20 እጥፍ ገደማ ይበላለጣሉ። ሰውየው ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ብዥ የሚለው፣ ጨለምለም ባለ ቤት ውስጥም ምስሉ በነጠብጣብ የማይንጫጫው ለዚህ ነው።

ይህንን በዓይኔ አይቼዋለሁ። መራዊ አካባቢ አንዲት እናት ቡና ሲያፈሉ ቀረጽኩ። ቤቱ ሣር ክዳን ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ። መጀመሪያ በተዋስኩት ካምኮርደር ሞከርኩ። ከማዕዘኑ ጨለማ ውስጥ ነጠብጣብ ይንጫጫል፤ ጀበናውም፣ ምሰሶውም፣ የተሰቀለው ወንፊትም እኩል ይታያሉ። ዓይን ማረፊያ ያጣል። ከዚያ 600ዲን በዚያው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 1.8 ላይ ከፍቼ ያዝኩት፤ ይህ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ሲበዛ ይጠብባል። የእማማ እጅ ከጀበናው አንገት ጋር ብቻ ቀረ። ከፍሙ የሚመጣው ቀይ ብርሃን ጣታቸው ላይ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እዚህ ላይ ካምኮርደር አይደርስም። በነገራችን ላይ ይህ 50 ሚሊ ሜትር ባለ 1.8 ሌንስ ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዲኤስኤልአር ከገዛችሁ ሳትይዙት እንዳትመለሱ።

ውጭ ስትወጡ ነገሩ ይገለበጣል። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም እንቀርጻለን፤ ሹተሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ ይቀመጣል። አለዚያ አምፖሉ ምስሉ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እንቅስቃሴውም ይቆራረጣል። ነገር ግን በበጋ እኩለ ቀን፣ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በ1/50 ከቀረጻችሁ ሌንሱን እስከ 22 ድረስ መዝጋት ግድ ይሆናል። ሌንሱ ሲዘጋ ያ የወደዳችሁት ብዥታ ይጠፋል። መፍትሔው ኤንዲ ፊልተር ነው፤ ለሌንስ የሚደረግ የፀሐይ መነጽር በሉት። ለዲኤስኤልአር ለብቻው ትገዛላችሁ፣ በየሌንሱ ታጠልቃላችሁ፣ ታወልቃላችሁ። ፕሮፌሽናል ካምኮርደሮች አብዛኞቹ ውስጣቸው አላቸው፤ አንድ ቁልፍ ነው። ደመና መጣ ደመና ሄደ በሚባልበት የመስከረም ሰማይ ሥር ያቺ ቁልፍ ወርቅ ናት።

ሌላው የአለባበሳችን ጉዳይ ነው። የነጠላ ጥለት፣ ጥበብ ቀሚስ፣ ከሩቅ የሚታይ የቆርቆሮ ጣሪያ፦ እነዚህን የቆዩ ዲኤስኤልአሮች አይችሏቸውም። ጥቃቅን መስመር ሲያዩ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ሞገድ ይፈጥራሉ፤ ሞይሬ ይባላል። በኤዲቲንግ ማጥፋት በጣም ያስቸግራል። ተዋናይቱን ትንሽ አስጠግቶ ወይም አርቆ መቅረጽ ይረዳል። ሙሽራን ግን «እልፍ በይልኝ» እያላችሁ አትውሉም።

እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአዊ ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ፈረስ ሲጋልብ ዲኤስኤልአር ይዛችሁ ፈጥናችሁ ብትዞሩ ከጀርባ ያለው ዛፍና የቤት ቋሚ ሁሉ ያዘነብላል። ከሁሉ የሚከፋው ፎከሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ካኖን 650ዲ በፊት የነበሩት የካኖን ዲኤስኤልአሮች እየቀረጹ ፎከስ አይከተሉም፤ በእጅ ነው። ወደ እናንተ የሚጋልብ ፈረስ በእጅ ፎከስ መያዝ ዓመታት የሚፈጅ ሙያ ነው። ካምኮርደር ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ አብዛኛው ነገር ጥርት እንዳለ ይቆያል። ቤት ውስጥ ድክመቱ የነበረው እዚህ ጥንካሬው ነው። ዙሙም በአንድ ጣት፣ ሳይንገጫገጭ፣ ከሜዳው ማዶ እስከ ፈረሰኛው ዓይን ያደርሳችኋል።

አሁን ድምፅ። እለምናችኋለሁ፣ ይህንን አትዝለሉት። ተመልካች ብዥ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር አይታገሥም። ዲኤስኤልአር ላይ ያለው ማይክ ከሩቅ ነው የሚሰማው፤ የሌንሱን ኮሽታ፣ የእጃችሁን ፍትጊያ ይይዛል። ድምፁን በአውቶማቲክ ከተዋችሁት ደግሞ ሰው ዝም ባለ ቁጥር ካሜራው ራሱ ከፍ ያደርግና «ሽሽሽ» ይሞላዋል። ስለዚህ ለብቻው የድምፅ መቅጃና ማይክ ትይዛላችሁ፤ በየቀረጻው መጀመሪያ አንዴ ታጨበጭባላችሁ፤ ኤዲቲንግ ላይ በጭብጨባው ታገጣጥማላችሁ። ይሠራል። ግን ከጎናችሁ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ፕሮፌሽናል ካምኮርደር ትልልቁን የኤክስኤልአር ማይክ መሰኪያ፣ ለማይኩ ኃይል ከሚሰጠው 48 ቮልት ጋር፣ ራሱ ላይ ይዟል፤ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ መጠኑን በእጅ ታስተካክላላችሁ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ከምስሉ ጥራት በላይ ይህ ይበልጥበታል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ የእኔ ምክር ይህ ነው። ዲኤስኤልአር የሚገዛ ሰው ካለው ብር ግማሹን ብቻ ለካሜራው ያውጣ። ቀሪው ለሌንስ፣ ለድምፅ፣ ለትራይፖድና ለትርፍ ባትሪ ነው። ገንዘቡን ካሜራው ላይ ብቻ ጨርሶ የሚመጣ ልጅ ብዙ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ካምኮርደር ገና ሲገዛ ይወደዳል፣ ነገር ግን ሌንሱም ዙሙም ድምፁም አብሮ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ እየቀረጸ ገንዘቡን ይመልሳል። ጓደኞቼ ውስጥ ካምኮርደር ገዝቶ ሰርግ እየሠራ፣ ለፊልሙ ሲሆን ዲኤስኤልአር የሚከራይ አለ። ከሁሉም የተሻለ መንገድ የያዘው እሱ ይመስለኛል። መስታወት አልባ የሚባሉት አዳዲሶቹ ካሜራዎች ከሁለቱም ጥሩ ጥሩውን ይዘዋል፤ አቅሙ ያለው ይግዛቸው። ይህ ጽሑፍ አቅሙ ለሌለው ነው።

ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ያውም አባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ሄደን። ከባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና «ተበላሸብኝ» ብሎ መመለስ አይታሰብም። ስለዚህ እዚያው ፈትሹ። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ሌንሱን ከድናችሁ ጨለማ ቅረጹ፤ ነጭ ወይም ቀይ ነጥብ ከቀረ ሴንሰሩ ተጎድቷል። ካምኮርደሩ በካሴት የሚሠራ ከሆነ ቢረክስም አትውሰዱት፤ ካሴቱም፣ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ገመድም ማግኘት መከራ ነው። ማይክ ይዛችሁ ሂዱና የማይክ መሰኪያዎቹን ሁሉ ሞክሩ። የስክሪኑን ማጠፊያ ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ብልጭ ካለ ገመዱ ሊበጠስ ነው።

በመጨረሻ ቅረጽ የሚለውን ተጫኑና ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ሻጩ ቢቸኩልም ሻይ እዘዙና ተቀመጡ። ቀይዋን ነጥብ እያያችሁ፣ ራሱ እስኪቆም ድረስ ሰዓት ያዙ።