የፓይተን ሲክ፦ ለባይነሪ ሞድ አምስት ኮከብ፣ ለቴክስት ሞድ ሁለት

ሥራዬ ከድምፅ ፋይል ጋር ነው። ፋይሉን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ላንብብ ብል ማሽኔ ሲያነብ ይውላል፣ ሲያነብ ያድራል። ስለዚህ ከፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ እንደ ሲክ (seek) ፋንክሽን የምወደው ነገር የለም። በተከፈተ ፋይል ውስጥ የንባብና የጽሑፍ ቦታውን ወደፈለጉት ባይት ይወስዳል፣ የደረሰበትን ቁጥር ይመልሳል፣ በቃ።

የድሮ ኤምፒ3 ፋይሎችን እንውሰድ። አይዲ3 የሚባለው የመረጃ ማስቀመጫ ዘዴ የመጀመሪያ ስሪት የዘፈኑን መረጃ የሚያስቀምጠው በመጨረሻዎቹ 128 ባይቶች ነው። ፋይሉን በባይነሪ ሞድ (ባይቶቹን እንዳሉ በሚያነበው) እከፍትና ሲክ(-128, 2) እላለሁ። 2 ከመጨረሻው ቁጠር ማለት ነው፤ 0 ከመጀመሪያው፣ 1 ደግሞ አሁን ካለንበት። ከዚያ 3 ባይት አነባለሁ፦ ቲ፣ ኤ፣ ጂ ከመጡ መረጃው አለ። ቀጥለው ያሉት 30 ባይቶች ርዕሱ፣ ሌሎቹ 30 ዘፋኙ ናቸው። ፋይሉ 5 ሜጋባይት ሆነ 500፣ ለእኔ ልዩነት የለውም፤ መሃሉን ማንም አያነበውም።

መጻፍ ላይ ግን ረጋ ማለት ይሻላል። መሃል ገብተው ሲጽፉ ያለው ይደመሰሳል እንጂ ገፋ ብሎ ቦታ አይለቅም። በ10 ባይት ቦታ 6 ከጻፉ የድሮዎቹ 4 እዚያው ናቸው፤ ፋይሉ እዚያ ጋ እንዲያበቃ ከፈለጉ ካሉበት ቦታ በኋላ ያለውን የሚቆርጠውን ትራንኬትን መጥራት አለብዎት። የሚከፍቱበት ሞድም ቀላል ነገር አይደለም። በደብሊው (w፣ እንደ አዲስ መጻፊያው ሞድ) ከከፈቱ ሲክ ከመጠራቱ በፊት ፋይሉ ባዶ ሆኗል። በኤ (a፣ መጨረሻ ላይ መጨመሪያው ሞድ) ከከፈቱ ደግሞ የትም ይውሰዱት የት፣ ሊኑክስ ላይ ጽሑፉ የሚያርፈው መጨረሻ ላይ ነው። ያለን ፋይል ለማረም አር ፕላስ ቢ (r+b) ይበሉና ይገላገሉ።

ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራው የሲ ቋንቋ ፋንክሽን ከኤፍሲክ ጋር ሳወዳድረው የፓይተኑ ይሻለኛል። ኤፍሲክ ቦታውን የሚቀበለው ሎንግ በሚባል የቁጥር ዓይነት ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ሎንግ እስከ 2,147,483,647 ብቻ ስለሚቆጥር ከዚያ ለሚበልጥ ፋይል ሌላ ፋንክሽን መፈለግ ነው። ፓይተን ላይ ይሄ ጣጣ የለም።

አሁን ወደ ሁለቱ ኮከብ። በቴክስት ሞድ (ባይቶቹን ወደ ፊደል እየቀየረ በሚያነበው) ከመጨረሻው 5 ወደኋላ ልመለስ ቢሉት እምቢ ነው የሚለው። በፎር ድግግሞሽ መስመር በመስመር እያነበቡ መሃል ላይ፣ ያሉበትን ቦታ የሚነግረውን ቴልን የት ደረስኩ ብለው ቢጠይቁም መልሱ የስህተት መልእክት ነው። ሲፈቅድልዎ እንኳ የሚሰጠው ቁጥር የፊደል ቆጠራ እንዳይመስልዎ፤ ይዘውት ቆይተው ለሲክ ከመመለስ በቀር አይደመርበት፣ አይቀነስበት።

በእኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፊደልን በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 ስርዓት እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» 9 ባይት ናት። ሲክ(3) ብለው ቢያነቡ «ላም» ትመጣለች፣ እሷስ ትታለባለች። ሲክ(1) ካሉ ግን ሲክ ምንም ሳይል ይቀበልዎታል፤ ሲያነቡ ነው የዲኮድ (ባይትን ወደ ፊደል የመመለስ) ስህተቱ የሚፈነዳው። የሚያናድደኝ እሱ ነው፦ ችግሩ አንድ መስመር ላይ ይፈጠራል፣ ጩኸቱ ሌላ መስመር ላይ ይሰማል። እኔ ጽሑፍም ቢሆን በባይነሪ ነው የምከፍተው። ያረፍኩበት ባይት ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ ከሆነ ፊደል መሃል ነኝ ማለት ነው፤ ከዚያ ክልል እስክወጣ አንድ አንድ ባይት ወደኋላ እላለሁ፣ ዲኮዱን ራሴ አደርጋለሁ።

ከፓይፕ (የአንዱ ፕሮግራም ውጤት ለሌላው ከሚተላለፍበት መስመር) ወይም ከኔትወርክ ሶኬት (የኔትወርክ ግንኙነት ጫፍ) ለሚያነብ ሰው ሲክ አይሠራም፤ ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ሲከብል የሚባለውን ፋንክሽን መጠየቅ ነው። ብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) አንድ የተከፈተ ፋይል ሲጋራም ቦታው አንድ ስለሆነ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ያንቀሳቅስበታል። ሊኑክስ ላይ ከሆኑ በፓይተን የኦኤስ (os) ሞጁል ውስጥ ያለውን ፒሪድ (pread) ይጠቀሙ፤ የሚነበበው ቦታ ከጥያቄው ጋር አብሮ ይሰጠዋል፣ የጋራውን ቦታ አይነካም።