ደሴ ፒያሳ ያለው የድሮ ፎቶ ስካን ቤት (የአያቴ ክሬን የማን እንደሆነ ያወቅኩበት)

ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ታፔላ የለውም፣ ስር ስልክ የሚጠግኑትን ልጆች ጠይቋቸው ያሳዩዋችኋል። እኔ ከኮምቦልቻ ሀረጎን በሚኒባስ ወጥቼ ነው የሄድኩት፣ 3 ፎቶ ደብተር መሀል አድርጌ።

አንደኛው ፎቶ ላይ አያቴ ቁምጣ ለብሶ ክሬን የተጫነበት ትልቅ መኪና ጎማ ላይ እጁን አስደግፎ ቆሟል። እኛ ቤት ይሄ ፎቶ ሁሌም "የጣልያን ጊዜ ፎቶ" ነው የሚባለው። ጋሼ (አጎቴ ነው) ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ፈቅዶ አያውቅም፣ ጎረቤት አይቶ አባትህ ለጣልያን አድሮ ነበር እንዳይለው። ህዳር 26 ቀን 1928 በጣልያን አውሮፕላን በተደበደበችው ደሴ ውስጥ አድጎ ይሄን መፍራቱ አይፈረድበትም።

አምና ሌላ ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ አድሱልኝ ብዬ ሰጥቼው ነበር። በኤአይ አደሱት፣ ቀለም ቀቡት፣ የአያቴን ፊት የማላውቀው ሰው አረጉት፣ ክሬኑ ላይ የነበረችው ትንሽ ፅሁፍ ደግሞ ጭረት ሆና ቀረች። ኦርጅናሉ በእጄ ባይሆን ኖሮ በቃ ጠፍቶ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት።

እዚህኛው ልጅ ገና ሲያየው "አልነካካውም፣ መጀመሪያ እንዳለ ይነሳ" አለኝ። ፎቶውን በጣም ነው የሚያከብረው፣ በጓንት ነው የያዘው። በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን አረገው፣ 6 በ9 ሳንቲ የሆነች ፎቶ ወደ 2,800 በ4,200 ፒክስል ወጣች፣ ከዛ ገልብጦ ጀርባውንም ስካን አረገ። ለጀርባው ለምን ትለፋለህ ስለው "አብሽሪ፣ ዋናው ወሬ እዛ ነው የሚገኘው" አለ።

አባቱ አውራ ጎዳና ሜካኒክ ስለነበረ ማሽን ያውቃል። ፎቶውን አጉልቶ መጀመሪያ የክሬኑን ክንድ አሳየኝ፣ እንደ ስልክ ማማ በብረት ዘንግ የተጠላለፈ ነው፣ የሚነሳውም በሽቦ ገመድ፣ አሁን ኮምቦልቻ ሳይት ላይ የምናያቸው፣ በሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት) ከውስጥ እየተመዘዙ የሚረዝሙት ግን ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ ነው የተለመዱት። እኔ መሪው በቀኝ መሆኑን አየሁና በቃ የእንግሊዝ ነው ብዬ ዘለልኩ፣ እሱ ግን አይሆንም አለኝ፣ ምክንያቱም የዛን ጊዜ የጣልያን ከባድ መኪኖችም መሪያቸው በቀኝ ነው፣ አያቶቻችን ትሬንታ ኳትሮ የሚሏት ፊያት 634 ኤን ራሷ እንደዛ ናት። ስለዚህ በመሪ ብቻ አይፈረድም። ይሄን የነገረኝ እሱ ባይሆን ኖሮ ስህተቱን ይዤ ቤት ገብቼ ለዘመድ ሁሉ አወራው ነበር።

ከዛ ያቺ ፅሁፍ ወጣች፣ ክሬኑ ጎን ላይ፣ ኮልስ ትላለች። ኮልስ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፣ በሁለተኛው የአለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ሃይል ክሬኖች ሰሪ፣ የቤንዚን ሞተሩ ጄነሬተር ያዞራል፣ ማንሳቱንና መዞሩን የሚሰሩት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ጀርባው ላይ ደግሞ በአይን የማይታይ የደበዘዘ የፎቶ ቤት ማህተም ነበር፣ ብርሃኑን ሲያስተካክለው አስመራ የሚለው ተነበበ። ኤርትራን ከ1941 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ያስተዳደሩት እንግሊዞች ናቸው፣ ደሴም ከጣልያን የወጣችው በኛ ሚያዝያ 1933 ነው። አያቴ እዛ ክሬን ስር የቆመው ጣልያን ከተሸነፈ በኋላ ነው ማለት ነው! እያለቀስኩ ነው ደረጃውን የወረድኩት።

በጣም የወደድኩት ደግሞ ወረቀት ላይ ፅፎ ሲሰጠኝ "ኮልስ መሆኑ እርግጠኛ፣ ሞዴሉ ግምት" ብሎ ለይቶ መፃፉን ነው። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያለው ባለ 3 ጎማ ሩሎ (የመንገድ መጠቅጠቂያ ማሽን) ስም የሚባል ነገር የለበትም፣ ሰሪው ማን እንደሆነ አላውቅም አለ፣ የስካኑን ብቻ እንጂ የምርመራ ብሎ ሳንቲም አልጨመረብኝም። ሶስተኛው የሰርግ ፎቶ ነው።

ዋጋው በአንድ ፎቶ 100 ብር፣ ክሬኑን ለማጣራት 300 ጨመርኩ፣ ውድ አልለውም። የሚያስጠላው መመላለሱ ነው፣ መብራት እየጠፋ 3 ጊዜ ሄጃለሁ፣ የኮምቦልቻ ሰው ለትራንስፖርት የሚያወጣው ቀላል አይደለም፣ ጄነሬተር ወይ ትንሽ ባትሪ ቢገዛ ምን አለበት። ፕሪንቱም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነው፣ ለድሮ ፎቶ አይሄድም፣ ማት (የማያብረቀርቀውን) እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ።

ጋሼ ትልቁን ፕሪንት ተቀብሎ ማህተሙን በመነፅር ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየና ምንም ሳይለኝ ሚስማር ፍለጋ ጓሮ ሄደ። አሁን ሳሎን ተሰቅሏል።

የምትሄዱ ሰዎች ፍላሽ ያዙ፣ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ካስላካችሁት ይጨመቅና ፅሁፉ ይደበዝዛል፣ እንደ ፋይል በሉት። ሳትሄዱ ደውላችሁ መብራት መኖሩን ጠይቁ። ፎቶውን በጨርቅ እንዳትጠርጉት፣ እንዳለ ውሰዱት። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በመብራቱ ነው።