ሐዋሳ ላይ የሞተር ኤሌክትሪክ ላስቸገራችሁ ሁሉ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳና ዙሪያዋ ሞተር የምትነዱ እህት ወንድሞቼ ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። መናኸሪያ አካባቢ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አንድ የሞተር ኤሌክትሪሺያን አሉ። ከብዙ ወጪና ጭንቀት ስላወጡኝ በአደባባይ ላመሰግናቸው ነው። ስማቸው እንዲለጠፍ አልፈለጉም፤ አድራሻቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በዶሬ ባፋኖ በኩል ወደ ገጠር ቀበሌዎች ክትባት ይዤ የምወጣው በሞተር ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። መንገድ ላይ ቆሜ የሳጥኑ በረዶ ከቀለጠ ክትባቱ ዋጋ የለውም፤ ከብቱን አሰባስቦ የሚጠብቀኝ ገበሬም ቀኑን አቃጥሎ ይመለሳል።

ሞተሬ የህንድ ሥሪት 150 ሲሲ ናት። አንዳንድ ጠዋት ስታርተሩን ስጫነው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ሌላ ቀን ደህና ትነሳና ኮረኮንች ላይ ስታጠፍ የዳሽቦርዱ መብራት ድርግም ይልና ጸጥ ትላለች፤ ትንሽ ቆይቼ ስሞክራት ደግሞ ትነሳለች። ጋራዥ ስትደርስ ምንም የለባትም። በየሄድኩበት የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነበር፦ ባትሪ ቀይሪ። ቀየርኩ፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ደከመ። ከዚያ ደግሞ ኦሪጅናል አይደለም ተባለና ሌላ ተገዛ።

እኚህ ሰው መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ። «ስትጠፋ ወደ ግራ ታጥፈሽ ነው ወደ ቀኝ? ዝናብ ከዘነበ ይብስባታል? ስትጠፋ ክላክሱስ ይሠራል?» እስከዚያ ድረስ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ከዚያም «ዛሬ እዚሁ ትደር፣ ጠዋት ሳትነሳ ልለካት» አሉ።

ጠዋት ቴስተሩን፣ ማለትም የቮልት መለኪያውን፣ እኔው እንድይዝ አደረጉ። ያደረ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ የኔ 12.1 ነበር። ሞተሯ ተነስታ ነዳጅ ሲሰጣት ደግሞ ወደ 14 ቮልት መውጣት ሲገባው 12.7 ላይ ቀረ። «ልጄ፣ ባትሪሽ አልሞተም፤ ተርቦ ነው» አሉኝ። የሚመግበው መስመር ተበላሽቷል ማለታቸው ነው። ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ዲናሞ ቮልቱን ወደሚያስተካክለው ሬጉላተር የሚሄደውን ሶኬት ሲፈቱት አንዱ ጫፍ ጠቁሮ ፕላስቲኩም ቀልጧል። የላላ መገናኛ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል፣ እንዲህ እያለ ቻርጁን እዚያው ይበላዋል። ጫፉን ቆርጠው በአዲስ ተርሚናል ቀየሩት። ቮልቱ 14.1 ሲገባ ዓይኔ ነው ያየው፤ በሰው ወሬ አይደለም የማወራላችሁ።

ቀጥለው ማሳውን፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደውን መስመር፣ ለኩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል አገናኝተው ስታርተሩን ሲጫኑ አንድ ቮልት ያህል እዚያ ይጠፋል። ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን ነበረበት። የማሳውን ብሎን ፈትተው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፈቀፈቁት፣ ካጠበቁት በኋላ ግሪስ ቀቡት። ያቺ ጠቅ ብላ ዝም የምትለው ነገር በዚህ አለቀች።

ከሁሉ የገረመኝ ግን መንገድ ላይ የሚያጠፋትን ነገር ያገኙበት ዘዴ ነው። የፊት መብራቱን አውልቀው ከቁልፉ በሚወጣው ሽቦ ላይ ቴስተሩን አሰሩና መሪውን ቀስ እያሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞሩት። ወደ ግራ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ቮልቱ ድንገት ጠፋ፤ ሲመለስ መጣ። ሽቦው ላዩ ደህና ነው። በጣታቸው ሳብ ሲያደርጉት ግን አንድ ቦታ ላይ ላስቲኩ ብቻ ተለጠጠ፤ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ ነበር። ቀድሞ የነካው ሰው ሽቦዎቹን በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቆ ስላሰራቸው መሪው በዞረ ቁጥር እዚያው አንድ ቦታ ላይ ሲታጠፉ ኖረዋል። በአዲስ ሽቦ ቀጥለው፣ በይደው፣ መሪው ሲዞር እንዳይወጠር ላላ አድርገው አሰሩት።

አንድ ነገር ብቻ አስቆጣቸው። የፊውዙን ቤት ሲከፍቱ ኃይል ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን በሚቆርጠው ፊውዝ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ገብቶበታል። «ይሄ ሰው ያቃጥላል!» አሉና በፋብሪካው ልክ የሆነ ፊውዝ አስገቡ፣ ትርፍ አንድ ደግሞ ከመቀመጫው ሥር አኖሩልኝ። እናንተም የራሳችሁን ከፍታችሁ እዩ፤ እውነቴን ነው።

ባትሪውን አልቀየሩም። የሚይዘው 9 አምፔር ሰዓት ስለሆነ በ1 አምፔር ያህል ቀስ ብሎ እንዲሞላ አሳደሩትና መለሱልኝ። አዲስ ባትሪ አሲድ እንደተሞላ ቻርጅ ሳይደረግ ሲገጠም ዕድሜው እንደሚያጥርም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። የተቀበሉኝ የእጃቸውን ዋጋና የሽቦዋን ብቻ ነው። ባትሪ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፤ እኔም ያለ ጥያቄ እከፍል ነበር።

ፈጣን አይደሉም። ተራ አለ፣ ወረፋውን ማንም አያልፍም፣ ሳይለኩ ዋጋ አይናገሩም። ለቸኮለ ሰው አይመቹም ይሆናል። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ በጭቃና በዝናብ ስመላለስ አንድም ቀን አላስቆመችኝም፤ ክትባቱም በሰዓቱ ደርሷል። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ባትሪውን አስሞልታችሁ አትሂዱ፤ እንዳለ ሊለኩት ይፈልጋሉ። ማታ አምጥታችሁ ብታሳድሩላቸው ይመርጣሉ። መቼና እንዴት እንደምትጠፋ ደግሞ አስቀድማችሁ አስታውሱ፣ መጠየቃቸው አይቀርም። እሑድ ዝግ ናቸው።